ካርታው ቱልቱን ጎንደር ፒያሳ ላይ ተክሎታል፤ እውነት እዚያ ነው የተለቀመው?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የከፈተችው ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት ናት። ለተማሪዎቿ ስለ ረግረግ ዕፅዋት ትምህርት እያዘጋጀች ሳለ የቱልትን የድሮ መዛግብት መፈለግ ጀመረች። ቱልት በሳይንሱ ስም ሩሜክስ ኔፓለንሲስ ይባላል። ጂቢአይኤፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ከፈተች። ሄርባሪየም ማለት ተጭነው የደረቁ ተክሎች ወረቀት ላይ ተለጥፈው የሚቀመጡበት ቤት ነው። በየአገሩ ሄርባሪየም ያሉ ብዙ ናሙናዎች መዝገባቸው እዚህ ቋት ውስጥ ይገኛል። ለጎንደር ካገኘቻቸው አንዱ ካርታው ላይ ፒያሳ መሃል፣ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ተቀምጧል። የተለቀመበት ቦታ ሲገለጽ ግን ጎንደር፣ ረግረጋማ መስክ ይላል። ጥያቄዋ አጭር ነው። ፒያሳ መቼ ነው ረግረግ የነበረው? ካልነበረስ ተማሪዎቼ ይህን መዝገብ ይመኑት ወይስ ይተዉት?

የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ልተርክላችሁ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ስለሆነ ሁሉንም አላነሳም፤ አንዳንዱም ከጉዳዩ ርቋል። ግን መሃሉ ላይ የተባለው ነገር ጎንደርን ለሚወድም፣ ተክል ለሚወድም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

1ኛ መልስ የሰጠው ሰው መምህርቷን አመስግኖ ነው የጀመረው። ቱልትን ለማያውቅ አስረዳ። ምንጭ ዳር፣ ጨፌ ላይ፣ ከብት የሚጠጣበት አካባቢ ይበቅላል። ሰፋፊ ረጃጅም ቅጠሎቹ መሬት ላይ ይዘረጋሉ፤ ከመሃላቸው አገዳ ይወጣል። ክረምቱ ሲያልፍ አገዳው ላይ ፍሬ ይንዠረገጋል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ ጣለ። ናሙናው ምናልባት የቱልት ዘመድ የሆነው መቅመቆ ሊሆን ይችላል፤ መቅመቆ ደግሞ ደረቅ ቦታም ስለሚበቅል ፒያሳ ቢገኝ አይገርምም አለ።

2ኛው ቃሃ ወንዝ ዳር ያደጉ አባት ናቸው። ከፋሲል መዋኛ ዝቅ ብሎ በልጅነታቸው ከብት ያሰማሩበት ጨፌ እንደነበረ ጻፉ። ክረምት አልፎም ውሃው ቶሎ አይሸሽም ነበር፤ ቱልትም ሞልቶ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ቤት ተሠርቷል። እንደሳቸው ሐሳብ ነጥቡ ፒያሳ ላይ ቢያርፍም ጥፋቱ የአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ነገሩ መጋነን የለበትም። ብዙ ሰው ይህን መልስ ወደደው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። የከተማ ወንዝ ዳር ድሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሲጽፍ ልብ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

3ኛው መልስ ላይ ነው ክሩ አከርካሪ ያገኘው። ጸሐፊው የካርታ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። መምህርቷ የጠቀሰችውን ቁጥር አየ፦ 12.6 እና 37.4667። ይህ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ማለት ነው። የቦታ ስም መዝገቦች ለጎንደር ከተማ የሚሰጡት ቁጥር ይኸው ነው። ናሙናው በተለቀመበት ዘመን ጂፒኤስ በሰው እጅ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሌብሉ ላይ፣ ማለትም ከናሙናው ጋር የተለጠፈው መግለጫ ወረቀት ላይ፣ ጎንደር የሚለውን አነበበና ቁጥሩን ከመዝገብ ፈልጎ ሞላ። አንድ ደቂቃ ብቻ መሬት ላይ ሲለካ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ነጥቡ ከተማዋ የት እንዳለች እንጂ ሰብሳቢው የት ቆሞ እንደነበር አይነግረንም። እዚህ ላይ የ2ኛውን መልስ ሰጪ ጋሼ ብሎ ጠርቶ፣ በትሕትና፣ ስሕተቱ ሁለት ኪሎ ሜትር መሆኑን በምን እናውቃለን ሲል ጠየቃቸው።

4ኛው ነገሩን አሰፋው። ጎንደር የሚለው ስም ራሱ ሌብል ላይ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱ ቤጌምድርና ስሜን ነበር፤ ጎንደር ሲባል ከተማዋ ናት። ደርግ ከመጣ በኋላ ግን ጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። የደርግ ዘመን ሌብል ላይ ጎንደር ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ከመተማ ቆላ እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ፣ ማለትም እስከ 4,550 ሜትር ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተሠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራም፣ የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ አገሩን በዕፅዋት ክልል ከፋፍሎ ለጎንደር የራሱን ምልክት ሰጥቷል። ያንን ምልክት ያየ አንባቢ ተክሉ ጎንደር ክልል ውስጥ መገኘቱን ያውቃል። ደምቢያ ይሁን ደባርቅ ግን ከምልክቱ አይገባውም።

ከ5 እስከ 8 ያሉት መልሶች ወደ ቅቤ ሄዱ። 5ኛው መቅመቆ የሚለውን ስም ሲያይ እናቱ ቅቤ ሲያነጥሩ ትዝ አለው። ሌሎቹ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ የገበያ ቅቤ እያሉ ተከተሉት። አንዷ መቅመቆ ያልገባበት ቅቤ ቀለሙም ጠረኑም አይጥማትም። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፤ እዚህ ግን አልደግመውም።

9ኛው መልስ ክሩን መለሰው። የጻፈችው ሴት ዕፅዋት ያጠናች መሆኗ ያስታውቃል። የ1ኛውን ጥርጣሬ በቀጥታ አነሳች፤ ቅጠል እያዩ መከራከር ዋጋ የለውም፣ ፍሬው ይታይ አለች። የዚህ ወገን ዕፅዋት በደንብ የሚለዩት በበሰለ ፍሬ ነው። የቱልት ፍሬ ትንሽ ናት። ሦስት ቅጠል መሰል ሽፋኖች አቅፈዋታል። በእጅ መነጽር ሲታይ የእነዚህ ሽፋኖች ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው፤ የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። በእርጥብ መስክ ያለፈ ሰው ሱሪው ላይ፣ ከብትም ጭራው ላይ ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ከሽፋኖቹ አንዱ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ እባጭ አለች። የመቅመቆ ፍሬ ሽፋን ግን ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ መንጠቆ የለውም። ቅጠሉም የጦር ጫፍ ይመስላል፤ ተክሉ ራሱ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንጓቸው ላይ ያለው ስስ ሽፋንና ሲቆረጥ ቢጫ የሚሆነው ሥራቸው ነው። ፍሬ የሌለው፣ ቅጠል ብቻ የተለጠፈበት ናሙና ከሆነ ማንም በእርግጠኝነት ስም ሊሰጠው አይገባም አለች። ከዚያ መምህርቷን አንድ ነገር ለመነቻት። የወረቀቱ ፎቶ ካለ ከፍተሽ ፍሬ መኖሩን እይ፣ ሌብሉ ላይ ያለውንም አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልን።

መረጃ ቋቱ የሚያሳየው ሌላ ሰው አንብቦ የሞላውን ነው። ሌብሉ ላይ ያለው ሁሉ ሁልጊዜ ወደ ቋቱ አይገባም። ተክል በድሮ መዝገብ ለማጥናት ያሰበ ሁሉ ይህን ልማድ ከእሷ ቢወስድ ጥሩ ነው።

10ኛው አንድ ወጣት ነው። ይህን ተክል እኛ ጣና ላይ በዘመቻ ስንነቅለው ከርመናል፣ ምን ይጠናል ብሎ ጻፈ። እምቦጭን ማለቱ ነው። 11ኛው በኃይለ ቃል መለሰለት። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ መጤ የውሃ ላይ ተንሳፋፊ ነው፤ ቱልት ግን አፈር ላይ ሥር የሰደደ የቆየ የአገር ተክል ነው፣ ሳታነብ አትጻፍ አለው። ልጁ ቀርቶ ሌላ ሰው ተቆጣ። 12ኛው ገብቶ አበረደ። ወንድሜ፣ ዘመቻ የወጣ ልጅ እንዲህ አይመለስም፣ እጁን ቆስሎ የነቀለ ነው አለው። ትክክል ነው። ማረሙ የግድ ነበር፣ ቁጣው ግን አላስፈለገም።

13ኛው መልስ የመምህርቷ ነው። ፎቶውን አግኝታዋለች። ናሙናው ፍሬ አለው፤ ስታጎላው ጠርዙ ላይ መንጠቆዎቹ ይታያሉ። ስለዚህ ቱልትነቱ ላይ ክርክር ቀረ። ሌብሉ በታይፕ የተጻፈ ነው። ከላይ ሌላ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። አንድ ባለሙያ ኋላ ተመልክቶ ስሙን ያደሰበት ወረቀት ነው። የታችኛውን ስም ማንም አልሰረዘውም። ሄርባሪየም ውስጥ የቀድሞ ስም አይፋቅም፤ አዲሱ ከአጠገቡ ይለጠፋል። የሚያሳዝነው ግን ያቺ ትንሽ ወረቀት የተለቀመበትን ዓመት ሸፍናዋለች። ወደ መረጃ ቋቱ ያልገባ አንድ ቁጥር ግን ሌብሉ ላይ አገኘች። ከፍታ፣ 6000። ሜትር ይሁን ጫማ አልተጻፈም።

ክሩ እዚህ ላይ ነቃ።

14ኛው ስሌቱን ሠራ። 6000 ሜትር አይሆንም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እዚያ የሚደርስ መሬት የለም። ስለዚህ ጫማ ነው። በእንግሊዝ ጫማ 6000 ማለት 1,829 ሜትር ነው። ጎንደር ከተማ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰብሳቢው ፒያሳ ቆሞ ቢሆን ኖሮ 7000 ብሎ ይጽፍ ነበር። የጣና ውሃ ደግሞ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። 1,829 ሜትር ላይ ያለ ረግረጋማ መስክ ስንፈልግ ከከተማው በስተደቡብ የደምቢያን ሜዳ እናገኛለን፤ መገጭ ወደ ሐይቁ የሚወርድበትን፣ ወደ ጎርጎራ የሚያወጣውን ያንን ጥቁር አፈር። የእሱ ድምዳሜ ይህ ናሙና የደምቢያ ነው የሚል ሆነ።

15ኛው አልተቀበለውም፤ አጻጻፉም ጠንከር ይላል። የድሮ ከፍታ መለኪያ የአየር ግፊት የሚለካ መሣሪያ ነው። ዝናብ ሲመጣ፣ አየሩ ሲቀየር ቁጥሩ ይዋዥቃል። ጠዋት ሳያስተካክሉት የወጡ ከሆነ የብዙ ሜትር ስሕተት ያመጣል። በአንድ ቁጥር ተነስቶ ናሙናን ከከተማ ወደ ደምቢያ ማዛወር ድፍረት ነው፣ ቁጥሩም ተጠጋግቶ የተጻፈ መሆኑ ግልጽ ነው አለ። 14ኛው ተመልሶ፣ በ16ኛው ላይ፣ ስሕተት መኖሩን አልካድኩም ግን 300 ሜትር ብዙ ነው ብሎ ሞገተ።

17ኛው መልስ ከሁሉም የወደድኩት ነው። ሌላ ጫማም እንዳለ አስታወሰ። የ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመኖች ከፍታ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የፓሪስ ጫማ ይጠቀሙ ነበር። የፓሪስ ጫማ ከእንግሊዙ ረዘም ይላል፤ 6000 የፓሪስ ጫማ 1,949 ሜትር ይሆናል። ያ ከፍታ ደምቢያ ሜዳ ላይ አያደርስም፤ ወደ አዘዞ ያስጠጋል። አዘዞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ዝቅ ያለ ነውና። ሌብሉ በታይፕ መጻፉ የ20ኛው መቶ ዘመን ያስመስለዋል፤ ግን በእጅ የተጻፉ የድሮ ሌብሎች ኋላ በታይፕ የተገለበጡበት ጊዜ አለ። ጣሊያኖች ደግሞ በሜትር ነው የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. በ1937 ከጣና ጥናት ቡድን ጋር መጥቶ እዚህ አካባቢ ዕፅዋት የሰበሰበው ሮዶልፎ ፒቺ ሰርሞሊ ቢሆን ኖሮ 6000 የሚል ቁጥር አይጽፍም ነበር። በእንግሊዝ ጫማም ይሁን በፓሪስ ጫማ፣ ቁጥሩ ከፒያሳ በታች ያወርዳል። ይህ ሰው ደምቢያ ነው ብሎ አልደመደመም፣ አዘዞም አላለም። ዓመቱን የሸፈነችው ወረቀት ከፍ ብትል ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል፤ ስለዚህ ናሙናው ያለበትን ተቋም መጠየቅ ይሻላል ብሎ አቆመ።

15ኛው እንኳን ይህን ሲያነብ ለዘብ አለ። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው ልዩነት ግን መሣሪያው ሊሳሳት በሚችለው ውስጥ ነው የሚለውን አልተወም። እሱም ትክክል ነው።

18ኛው መልስ የቃሃው አባት ናቸው። ሙግቱን በትዕግሥት አንብበዋል። ናሙናው የደምቢያም ይሁን የአዘዞ፣ የኔ ጨፌ ነበረ አሉ። ነበረ ግን ማንም አልለቀመለትም። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ ልቤን ነካው። አንድም ወረቀት ከሌለው፣ ከብት ያበላሁበት መስክ ለእናንተ የለም ማለት ነው? ለብዙ ሰዓት መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

መልስ ያጡት ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ይመስለኛል። ናሙና የሚገኘው ሰብሳቢ ባለፈበት መንገድ ላይ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ እስከሞተበት 1878 ድረስ ዕፅዋት የለቀመው በብዛት በትግራይና በስሜን ነው። ከስሜን የሰበሰባቸው ተክሎች አውሮፓን ሞልተዋል። ቃሃ ዳር ያለ የከተማ ጨፌ ማንም ጉዳዬ ሳይለው መቶ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ካርታው ላይ ነጥብ የሌለበት ቦታ ሁሉ ተክል የሌለበት ቦታ አይደለም፤ ያልታየ ቦታ ነው።

19ኛው የውጭ ሰብሳቢዎች ነገር ሲነሳ ተቆጣ። የኛ ተክል ለምን እንግሊዝ፣ ፓሪስና ፍሎረንስ ተቀመጠ፤ ዘረፋ ነው ብሎ ጻፈ። 20ኛውና 21ኛው ደገፉት፤ አንደኛው ከመቅደላ ዕቃዎች ጋር አያያዘው። 22ኛዋ ቁጣውን ሳትንቅ ነው የመለሰችው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዳለ፣ ዛሬ በየዞኑ የባህል መድኃኒት የሚያጠኑ ተማሪዎች ናሙናቸውን እዚያ እንደሚያስገቡ ጻፈች። ፍሎራውንም ኢትዮጵያውያን ከስዊድን ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ8 ቮልዩም ጨርሰውታል። ሆኖም የድሮዎቹ ናሙናዎች አብዛኞቹ ውጭ መሆናቸው እውነት ነው። እዚህ ያለ ተማሪ እነሱን የሚያየው በፎቶ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያም የለም። 19ኛው በዚህ ተረጋጋ ለማለት ይከብዳል፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና መረጋጋትም የለበትም።

23ኛው ስለ ሺምፐር አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ሺምፐር አንዱን ተክል በአንድ ቁጥር ብዙ ቅጂ ይለቅም ነበር። ጀርመን ውስጥ ኤስሊንገን ከተማ ሆክሽቴተርና ሽቶይደል የሚመሩት ማኅበር ቅጂዎቹን በሌብል አዘጋጅቶ ለገዙት ሁሉ ያከፋፍል ነበር። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ባወጣው የአቢሲኒያ ፍሎራ ውስጥ ሩሜክስ ሽቶይደሊ የሚል ስም የምናገኘው ለዚሁ ሽቶይደል መታሰቢያ ነው። ዛሬ ብዙዎች ያንን ስም ከኛው ቱልት፣ ከሩሜክስ ኔፓለንሲስ ጋር ይቆጥሩታል። ስለዚህ መምህርቷ ተማሪዎቿን መዝገብ ስታስቆጥር ትጠንቀቅ። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የተለቀመ አንድ ተክል በብዙ ሄርባሪየም ተበትኖ እንደ ብዙ መዝገብ ሊቆጠር ይችላል። ሰብሳቢው፣ ቁጥሩና ቀኑ አንድ ከሆነ አንድ ተክል ነው። ስሙ ቢለያይም እንኳ፤ አንዱ ቤት ስሙን አድሶት ሌላው ቤት የድሮውን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

24ኛው ደምቢያ የተወለደ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ነው። የጻፈው ከሁሉም ይረዝማል። በልጅነቱ ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይተኛበት ነበር። ውሃው ሲሸሽ መጀመሪያ ሳሩ፣ ከዚያ ቱልቱ ይወጣል፤ ከዚያ ሰው ሽምብራና ጓያ ይዘራል። አሁን ውሃው የሚሸሽበትን ጠርዝ እየተከተሉ ያርሱታል። ፎገራ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ ረግረግ ማለት ማሳ ማለት ሆኗል። እሱ ገበሬውን አይወቅስም፤ አባቱ ገበሬ ናቸው። ቱልት ጠንካራ ስለሆነ ቦይ ዳርና ማሳ ጥግ ላይ አልጠፋም። የጠፋው ሰፊው እርጥብ መስክ ነው። የድሮ ሌብል ረግረጋማ መስክ ብሎ ከጻፈ ያ ቃል ለሱ ከተክሉ ስም ይበልጣል፤ መስኩ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነውና።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መዝገቡን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አልፈልግም። ናሙናው ፒያሳ ላይ ከቀረ ደምቢያ ወይም አዘዞ አንድ ምስክር ያጣል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካላነበበው ደግሞ ፒያሳ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል።

25ኛዋ የጤና ባለሙያ ናት። በመሃል አንድ ሰው የቱልት ሥር ለሆድ ቁርጠት እንደሚታኘክ ጽፎ ስለነበር ነው የገባችው። ሥሩን ለሆድ ሕመም መጠቀም የቆየ የአገር ልማድ መሆኑን አልካደችም። በውስጡ አንጀትን የሚያነቃንቁ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የዚህ ወገን ቅጠል ደግሞ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። እርጉዝ ሴት እንዳትሞክረው አስጠነቀቀች። 26ኛው የባህል መድኃኒትን ትንቂያለሽ ብሎ ተነሳባት። ምንም አልናቀችም። መልሷም አጭር ነበር፤ አያቴ ይሰጡን ነበር፣ ግን መጠኑን እሳቸው ያውቁት ነበር አለች። ሳማ ሲለበልብ የቱልት ቅጠል አሽቶ መቀባት እኔም አውቃለሁ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ተከተሉ።

30ኛው መልስ ላይ መምህርቷ ተመለሰች። ናሙናው ላለበት ተቋም መጻፏን ተናገረች። መረጃ ቋቱ ላይ እያንዳንዱ መዝገብ ሥር አስተያየት መላኪያ አለ፤ አስተያየቱ ለመዝገቡ ባለቤት ይደርሳል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። የተሸፈነው ዓመት ይነበብልኝ፣ ከፍታው መዝገቡ ውስጥ ይግባ፣ ከነጥቡ ጎን የጥርጣሬው ስፋት በኪሎ ሜትር ይጻፍ። ነጥቡ ወደ ደምቢያ ይዛወር አላለችም። 14ኛው በዚህ ቅር አለው፤ ይህን ሁሉ ሠርተን ፒያሳ ላይ ይቆይ ማለት ፍርሃት ነው አለ። 15ኛው በተቃራኒው ደገፋት። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ሰፊ ክብ አስምሮ ከዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው ማለት፣ በተሳሳተ ነጥብ ፈንታ ሌላ ያልተረጋገጠ ነጥብ ከመትከል ይሻላል። ዓመቱ ሲታወቅ ክቡ ይጠባል።

ከዚያ ወደ ሥራ ተገባ። መምህርቷ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ፍሬው ሲበስል፣ ተማሪዎቿን ይዛ ቃሃ ዳርና ደምቢያ ልትወጣ ነው። የቃሃው አባት ጨፌው የነበረበትን ቦታ ራሳቸው ሊያሳዩ ተስማሙ፤ ቦይ ዳር አሁንም ቱልት ይታያል ብለዋል። የደምቢያው ሰው አባቱን አገናኛለሁ አለ። 9ኛዋ ምን መያዝ እንዳለባቸው ጻፈችላቸው። አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ማሰሪያ ገመድ። ስልካቸው ላይ ያለው ጂፒኤስ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከነስሕተቱ መጠን ይጻፍ። ሌብሉ ላይ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የሰፈሩ ሰዎች ቦታውን የሚጠሩበት ስም፣ ከፍታ በሜትር ብለው ቃሉን ጭምር፣ አፈሩ፣ ውሃው፣ አጠገቡ የበቀለው ሁሉ ይግባ። ከታች ያለው ሰፊ ቅጠልና ከላይ ያለው ፍሬ ሁለቱም ይያዙ። ጋዜጣው እስኪደርቅ በየቀኑ ይቀየር፤ ቱልት ውሃ ስለሚይዝ ካልተቀየረለት ይሻግታል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ ለአዲስ አበባው ሄርባሪየም፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ።

34ኛው፣ ያ እምቦጭ ብሎ የተሰደበው ወጣት፣ ከእነሱ ጋር መውጣት እንደሚፈልግና ጀልባ የሚነዳ ወንድም እንዳለው ጻፈ። መምህርቷ ደስ ብሏት ተቀበለችው። 35ኛው ሥሩስ ይነቀል ወይ ብሎ ጠየቀ። 9ኛዋ መለሰች። ይነቀል፣ ግን ወፍራም ስለሆነ እንዳለ አይደርቅም፤ ቁመቱን በቢላ ለሁለት ሰንጥቃችሁ አንዱን ግማሽ ጋዜጣው መሃል አድርጉት፤ ሲቆረጥ ያያችሁትን ቀለም እዚያው ጻፉት፤ ከደረቀ በኋላ ይለወጣል።